በስምንት እጅ ያለፈው ልጅ

ጣርማ በር በሸዋ ደጋ ጫፍ ላይ ያለ የተራራ በር ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል። ብርዱ ብርቱ ነው፤ ጉሙም ከቆላ እየተነሣ ገደሉን ይሸፍነዋል። ጉሙ በተገለጠ ጊዜ ግን ከገደሉ አፍ የቆመ ሰው የይፋትን ቆላ፥ ከዚያም ወዲያ ወደ አፋር በረሃ የሚወርደውን ሰፊ ምድር ከእግሩ በታች ያያል። ዛሬ መኪና የሚያልፍበት ዋሻ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው በእግሩ ወይም በበቅሎ ይወርድ ነበር።

ከጣርማ በር በስተ ደቡብ፥ በዚያው በገደሉ ጫፍ፥ የሸዋ ነገሥታት ከተማ የነበረችው አንኮበር አለች። ከአንኮበር በታች አልዩ አምባ የሚባል ገበያ ነበረ፤ ዓርብ ዓርብም ይቆም ነበር። የደጋው ሰው እህሉን፥ የቆላው ሰው አሞሌ ጨውን ይዞ ይገናኝ ነበር። ሲራራ ነጋዴዎችም ወርቅና የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድና ቡና ጭነው ከዚያ ተነሥተው በበረሃው ወደ ታጁራ ወደብ ይሄዱ ነበር። በዚያው በአልዩ አምባ አጠገብ፥ አብዱል ረሱል በሚባል ስፍራ፥ ሌላ ገበያ ነበረ። በዚያ ገበያ የሚሸጠው ከብት ወይም እህል አልነበረም፤ ሰው ነበረ።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ በ1839 ዓ.ም.፥ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ የሚባል የጀርመን ሚሲዮናዊ ወደ ሸዋ መጣ። (በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) እስከ 1842 ዓ.ም. ድረስ በአንኮበር ተቀምጦ የኦሮሞን ቋንቋ ተማረ፤ ከወንጌልም ጥቂት ክፍል ወደዚያ ቋንቋ መተርጐም ጀመረ። እንግዲህ ሰው የሚሸጥበት ገበያና የተሸጡት ሰዎች ቋንቋ የሚጻፍበት ቤት በአንድ ተራራ ወገብ ላይ ነበሩ። ክራፍ አገሩን ለቅቆ ከሄደ በኋላ ሥራው ገና ጅምር ሆኖ ብዙ ዘመን ቈየ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሥራውን የፈጸመው ሰው ራሱ በልጅነቱ የተሸጠ ሰው ነው። ስሙም ኦነሲሞስ ነሲብ ይባላል።

ኦነሲሞስ በ1856 ዓ.ም. ገደማ በኢሉባቦር አገር፥ በሑሩሙ አጠገብ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበረ። አባቱ ልጁ ገና አራት ዓመት ሲሆነው ሞተ። በዚያ ዘመን አባት የሌለው ልጅ አጥር እንደሌለው እርሻ ነበረ። በ1869 ዓ.ም. ባሪያ ፈንጋዮች ያዙት፤ ይህንም እርሱ ራሱ በኋላ ላስተማረው ለሚሲዮን ማኅበር በጻፈው ታሪክ ገልጾታል። ከያዙትም ቀን አንሥቶ አንዱ ለሌላው እየሸጠው፥ በአንድ ዓመት ውስጥ በስምንት ሰዎች እጅ አለፈ።

አንድ ልጅ ስምንት ጊዜ የሚተላለፈው ስለ ምንድር ነው? ይህን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የባሪያ ንግድ ብርታቱ በዚህ ነበረና። አንዱ ነጋዴ ከአገሩ እስከሚቀጥለው ገበያ ያለውን መንገድ ብቻ ያውቃል። በዚያ ይሸጥና ይመለሳል፤ የገዛውም እስከ ሌላው ገበያ ይነዳል። ወደ ባሕር በቀረቡ መጠን ዋጋው ይጨምራል። ልጁም ከእናቱ ቤት በራቀ መጠን ማምለጥ ይሳነዋል። በፊተኛው ሳምንት ቢያመልጥ የአገሩን ወንዝና ዛፍ ያውቃል፤ የሚያገኘውም ሰው ቋንቋውን ይሰማል። ከሦስተኛው ገበያ በኋላ ግን ወዴት ይሄዳል? መንገዱን አያውቀውም፤ ቢጮኽም የሚሰማው ሰው የሚለውን አያውቅም። ሰንሰለት በእግሩ ባይኖር እንኳ ምድሩ ራሱ እስር ቤት ይሆንበታል።

ልጁ ያጣው አገሩን ብቻ አልነበረም። ነጋዴዎቹ ስሙን ለውጠው ነሲብ አሉት። ነሲብ የዓረብ ቃል ነው፤ ዕጣ፥ ድርሻ ማለት ነው። በአማርኛም አንድ ነገር በነሲብ ሆነ ሲባል ሳይታሰብ፥ በዕድል ሆነ ማለት ነው። የፊተኛው ስሙ ግን ትርጓሜ ያለው ስም ነበረ። በኦሮሞ ቋንቋ ሂካ ማለት ፈቺ ማለት ነው። በአማርኛ እንደሚባለው ሁሉ በዚያም ቋንቋ አንዱ ቃል ለሁለት ሥራ ይሆናል፤ የታሰረ ገመድ ይፈታበታል፥ ያልታወቀ ቃልም ይፈታበታል። እናቱ ይህን ስም ስትጠራ በኋላ የሚሆነውን አላወቀችም።

ስምንተኛው እጅ ልጁን ወደ ምጽዋ አደረሰው። ምጽዋ በቀይ ባሕር ዳር ያለች ወደብ ናት፤ በዚያ ዘመን የግብጽ መንግሥት ይገዛት ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ጀልባና ባሕር፥ ከባሕሩም ማዶ የዓረብ አገር ነበረ። ባሕሩን የተሻገረ ልጅ ወደ አገሩ የመመለስ ተስፋ አልነበረውም። ነገር ግን በምጽዋ ቬርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ አገር ሰው ነበረ፤ የፈረንሳይ ቆንስልም ነበረ። በ1870 ዓ.ም. ይህ ሰው ልጁን ነጻ አወጣው፤ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎችም ሰጠው። ሙንዚንገር በኋላ ለግብጽ መንግሥት አድሮ ምጽዋን ገዛ፥ በ1875 ዓ.ም. ጦር ይዞ ሲሄድ በአውሳ ተገደለ። ሕይወቱ ሁሉ የሚመሰገን አይደለም። ይህ አንድ ሥራው ግን የሚመሰገን ነው።

የስዊድን ሚሲዮን በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ትምህርት ቤት ነበረው። በዚያ ትምህርት ቤት ከልዩ ልዩ ነገድ የመጡ ልጆች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከባሪያ ነጋዴ እጅ የወጡ ነበሩ። ልጁም ፊደል ቈጠረ፤ ማንበብና መጻፍ ተማረ፤ ለትምህርትም ትጉ ሆኖ ተገኘ። በ1872 ዓ.ም. መጋቢት 31 ቀን፥ በትንሣኤ በዓል፥ ተጠመቀ። የጥምቀት ስሙም ኦነሲሞስ ሆነ። ኦነሲሞስ በመጽሐፍ ቅዱስ የሚገኝ የአንድ ባሪያ ስም ነው። ያ ሰው ከጌታው ከፊልሞና ኰብልሎ ወደ ሐዋርያው ጳውሎስ ደረሰ፤ ጳውሎስም እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም እንዲቀበለው ለጌታው ደብዳቤ ጻፈለት። የስሙ ትርጓሜ በግሪክ ጠቃሚ ማለት ነው። እንግዲህ ልጁ ሦስት ስም ነበረው፤ አንዱን ወላጆቹ፥ አንዱን የሸጡት፥ አንዱን ያስተማሩት ሰጡት። ነሲብ የሚለውን ስም ግን አልጣለውም። የአባት ስም በሚጻፍበት ስፍራ የሽያጩ ስም ተጽፎ እስከ ዕለተ ሞቱ ኖረ።

በዚያው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በሩቅ በአሜሪካ አገር ደግሞ ብዙ ሺህ ጥቁር ሕዝብ በባርነት ይኖር ነበር። ከእነርሱ መካከል ሐሪየት ተብማን የምትባል በ1822 ዓ.ም. ገደማ በሜሪላንድ የተወለደች ሴት ነበረች። በ1849 ዓ.ም. በሌሊት ኰብልላ ባርነት ወደሌለበት ወደ ሰሜን አገር ሄደች። ነጻ ከወጣች በኋላ ግን ለራሷ ተደስታ አልተቀመጠችም። ወደ ሸሸችበት አገር 13 ጊዜ ያህል በስውር ተመልሳ 70 የሚያህሉ ሰዎችን ይዛ ወጣች። ቀን በጫካና በጐተራ እየተሸሸጉ፥ ሌሊት የሰሜንን ኮከብ እያዩ ይጓዙ ነበር። በመንገዱም ላይ ነጮችም ጥቁሮችም የሆኑ ወዳጆች ነበሩ፤ እንግዶቹን አንድ ሌሊት አሳድረው፥ አብልተው፥ የሚቀጥለውን ቤት አሳይተው ይሸኟቸው ነበር። ይህንም ስውር መንገድ ከምድር በታች የሚሄድ ባቡር ብለው ሰየሙት፤ የሚያሳድሩበትን ቤት ጣቢያ ይሉታል። ባቡር ግን አልነበረበትም፥ ከምድርም በታች አልነበረም። ብዙ ጊዜ የአንዱ ቤት ባለቤት ከቀጥሎ ካለው ቤት በቀር ሌላውን አያውቅም ነበር። ቢያዝና ቢመረመር እንኳ ብዙ ሰው አሳልፎ መስጠት አይችልም።

ይህን ያነበበ ልጅ የባሪያ ነጋዴዎችን ሥራ ያስታውሳል። እነርሱም ደግሞ እያንዳንዳቸው የሚያውቁት የሚቀጥለውን ገበያ ብቻ ነበረ። የሁለቱ ሥራ አሠራሩ አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ሰው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ልዩነቱ እጆቹ የሚያደርሱት ወዴት እንደሆነ ነው። ሂካን ስምንት እጅ ወደ ባሕር ገፋው፤ ዘጠነኛው እጅ ያዘውና ወደ እምኩሉ መለሰው። እምኩሉም በቀይ ባሕር ዳር እንደ አንድ ጣቢያ ሆነች።

ኦነሲሞስ በ1876 ዓ.ም. ወደ ስዊድን አገር ተላከ። በስቶክሆልም ከተማ አጠገብ በዮሐንሉንድ የሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረ። በ1881 ዓ.ም. ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ እምኩሉ ተመለሰ። በስዊድን ቢቀር ማንም አይሸጠውም ነበር፤ የተማረ ሰው ስለ ሆነ እንጀራም አያጣም ነበር። እርሱ ግን በባሪያ ነጋዴዎች ወደ ተያዘበት ምድር ለመመለስ ቈረጠ።

ከዚህም በኋላ መምህር ኦነሲሞስ ምሕረት ኃይሉ የተባለችውን ሴት አገቡ፤ በዚያው ዓመትም ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ወደ ኦሮሞ አገር ጉዞ ጀመሩ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የውጭ አገር ሚሲዮናውያን በግዛታቸው እንዳያልፉ ከልክለው ነበርና በሱዳን በኩል ዞረው ሄዱ። ወደ አሶሳ አገር ደርሰው ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ ማለፍ ተከለከሉና ተመለሱ። በሚያዝያ 1882 ዓ.ም. ካርቱም ሲደርሱ ኦነሲሞስ በንዳድ ታመሙ። ጥቂት በተሻላቸው ጊዜ የማህዲ ጦርነት በሱዳን ተነሥቶ ነበርና በጭንቅ ወደ እምኩሉ ገቡ።

በ1886 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛ ሞከሩ። በዚህ ጊዜ ያሰቡት በሸዋ በኩል ማለፍ ነበር፤ ሲራራዎቹ ባሪያ እየነዱ በሚወርዱበት አቅጣጫ እርሳቸው መጽሐፍ ይዘው ሊወጡ ፈለጉ። ንጉሥ ምኒልክ ግን የዐፄ ዮሐንስ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች እንዳያልፉ አዘዙ። ኦነሲሞስም ሳይሆንላቸው ወደ ባሕሩ ዳር ተመለሱ።

መንገዱ ሁለት ጊዜ ሲዘጋባቸው ኦነሲሞስ በእምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ መተርጐምን ሥራቸው አደረጉ። ከእርሳቸው በፊት ክራፍ በጀርመን አገር ሆኖ የጀመረውን ሥራ ጥቂት ገፍቶት ነበር፤ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፈው ደብተራ ዘነብና ከባርነት የወጣ ሩፎ የሚባል የኦሮሞ ልጅም ረድተውታል። ሥራው ግን ሙሉ አልነበረም። ኦነሲሞስ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ፥ መዝሙሮችንም፥ ልጆች የሚማሩበትንም መጽሐፍ በኦሮሞ ቋንቋ ለማዘጋጀት ተነሡ።

በዚህ ጊዜ አንድ ትልቅ ችግር አገኛቸው። ቋንቋው አነሳቸው። ከእናታቸው ቤት የተወሰዱት በልጅነታቸው ነበርና የሚያውቁት የልጅ ቋንቋ ነበረ። ልጅ የወተትንና የእሳትን፥ የላምንና የጥጃን ስም ያውቃል፤ ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ተቀምጠው ሲፈርዱ የሚናገሩትን ጥልቅ ቃል ግን ገና አልተማረም። መጽሐፍ ቅዱስም ስለ ሕግና ስለ ኪዳን፥ ስለ ፍርድና ስለ ምሕረት የሚናገር መጽሐፍ ነው። ከዚያም በኋላ ኦነሲሞስ ብዙ ዓመት የኖሩት ቋንቋው በማይነገርበት አገር ነው። ባሪያ ፈንጋዮቹ ከልጁ ላይ የሰረቁት አካሉን ብቻ እንዳልሆነ በዚህ ታወቀ።

መድኃኒቱ የመጣው ከዚያው ከባሕር ነው። በ1886 ዓ.ም. የኢጣሊያ መርከቦች ሰዎችን ለመሸጥ ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ አንድ ጀልባ በባሕር ላይ ያዙ። በጀልባው ውስጥ አስቴር ጋኖ የተባለች ወጣት ኦሮሞ ነበረች። አስቴር ነጻ ሆና ተወልዳ በኋላ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ ያደረጋት ልጅ ናት። ከጀልባው ከወጣች በኋላ በእምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። ማንበብና መጻፍን ፈጥና ተማረች። መምህሮቿም ልጅቱ ድንቅ አእምሮ እንዳላት አዩ፤ ከአገሯም የወጣችው ዘግይታ ስለ ነበረ የኦሮሞ ቋንቋ በአፏ ሙሉ ነበረ።

አስቴር ወደ 15000 የሚያህል የኦሮሞ ቃል ሰብስባ ጻፈች። ደግሞም 500 ያህል ተረትና ምሳሌ፥ እንቈቅልሽና ዘፈን ከቃል ወደ ጽሕፈት አገባች። ይህን ሁሉ በአእምሮዋ ይዛ በባሪያ ነጋዴ ጀልባ ተጭና ነበር። ነጋዴው የሸጠው ጕልበቷን መስሎት ነበር፤ የጫነውን ግን አላወቀም። ኦነሲሞስም ትርጕማቸውን የሠሩት በእርሷ ቃላት ተደግፈው ነው። ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የኦነሲሞስ ስም ብቻ ይጠራል፤ የአስቴርን ስም መተው ግን ትክክል አይደለም።

የጻፉበት ፊደል ይህ እኛ የምናነበው የግዕዝ ፊደል ነበረ። ኦሮምኛ በአማርኛ የማይገኝ ድምፅ ስላለው ከደ የተበጀ ዸ የሚል ፊደል ተጨምሮለታል። በ1893 ዓ.ም. አዲስ ኪዳን በእምኩሉ ታተመ። በ1894 ዓ.ም. ደግሞ አስቴር የሰበሰበቻቸው ብዙ ተረቶችና እንቈቅልሾች የገቡበት የልጆች ማንበቢያ መጽሐፍ ታተመ፤ 174 ገጽ ነበረው። ሰው የሚሸጥ ዕቃ አድርገው የቈጠሯቸው ሰዎች ለልጆች ማንበቢያ አዘጋጁ።

ብሉይ ኪዳንም ተተርጕሞ ካለቀ በኋላ ኦነሲሞስ ኅትመቱን ለመቈጣጠር ወደ ስዊስ አገር ሄዱ። በ1899 ዓ.ም. ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮሞ ቋንቋ በቅዱስ ክሪሾና ማተሚያ ቤት ታተመ። ክራፍ በአንኮበር ሥራውን ከጀመረ 60 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር።

በዚያ ዘመን የባሪያ ጀልባ ከቀይ ባሕር ገና አልጠፋም ነበር። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ኦስፕሬ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በራሔይታ አጠገብ ሦስት ጀልባዎች ያዘች፤ በውስጣቸውም 204 ሰዎች ተገኙ። ብዙዎቹ ከኦሮሞ አገር የተወሰዱ ልጆች ነበሩ። ወደ ዓደን ተወስደው በሚሲዮን ቤት ተቀመጡ፤ በ1890 ዓ.ም. ከነጻ ወጡት ልጆች 64ቱ ለትምህርትና ለጤናቸው ሲባል እስከ ደቡብ አፍሪካ፥ ወደ ሎቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ። ከእነዚህ ልጆች አገራቸውን ዳግመኛ ያዩት ጥቂቶች ናቸው። ነጻነት ያገኘ ሁሉ ቤቱን አያገኝም።

ኦነሲሞስ ግን ተመለሱ። ከእርሳቸው አስቀድመው በ1898 ዓ.ም. ገብረ ኤዎስጣቴዎስና ዳንኤል ደበላ የተባሉ የእምኩሉ ተማሪዎች በወለጋ ወደ ቦጂ ደርሰው ማስተማር ጀምረው ነበር። በ1904 ዓ.ም. ኦነሲሞስ፥ አስቴርም፥ ፌበን ሂርጴ የተባለች መምህርትም ወደ ወለጋ ገቡ። ከቦጂም ወደ ነቀምቴ ሄዱ። የነቀምቴ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው። ባሪያ ፈንጋዮች ልጁን ከአገሩ እስከ ባሕር ለማድረስ የፈጀባቸው አንድ ዓመት ነው። ሰውየው ከባሕር ወደ ኦሮሞ አገር ለመመለስ 35 ዓመት ፈጀባቸው።

በነቀምቴ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ትምህርቱ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ስለ ነበረ ገበሬውም ልጁም ይሰማው ነበር። ሰው ሲበዛም የአገሩ ካህናት ተቈጡ። በ1906 ዓ.ም. ኦነሲሞስን ወደ አዲስ አበባ ወደ አቡነ ማቴዎስ አቅርበው ከሰሷቸው። አቡኑም ከአገር እንዲሰደዱ ፈረዱባቸው። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ ዳሩ ግን እንዳይሰብኩ ከለከሏቸው። ከ20 ዓመት በፊት በሸዋ በኩል እንዳያልፉ የከለከሉት ንጉሥ አሁን በወለጋ እንዲኖሩ ፈቀዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ኦነሲሞስ በትምህርት ቤታቸው ብቻ ተወስነው ኖሩ። ስደት እንደ ጥላ ይከተላቸው ነበር፤ አንድ ክስ ቢነሣ ዳግመኛ መንገድ ይጠብቃቸው ነበርና። በልጅነቱ ከአገሩ ተነቅሎ ለተወሰደ ሰው ይህ ፍርሃት ቀላል አይደለም። እርሳቸው ግን ፊደል ማስተማሩን አልተዉም። አስቴርና ፌበንም በዚያው በነቀምቴ ሴቶች ልጆችን ያስተምሩ ነበር። በ1916 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ ፈቃድ ሰጧቸው። ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። ሕዝቡም በዚህ ዘመን ኦነሲሞስን አባ ገመቺስ እያለ ይጠራቸው ነበር፤ ይህም ስም በኦሮሞ ቋንቋ ደስ ከማሰኘት የመጣ ነው። እንግዲህ አራተኛ ስም አገኙ፤ ይህንም የሰጣቸው የገዛ ሕዝባቸው ነው።

በሕይወታቸው ሳሉ የባሪያ ንግድ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አዩ፤ መጨረሻውን ግን አላዩም። ኢትዮጵያ በ1923 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች። በ1924 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ባሮች ነጻ የሚወጡበትን አዋጅ አወጡ። አዋጅ በአንድ ቀን ይነገራል፤ ከቤት ወደ ቤት እስኪደርስ ግን ይዘገያል። በሩቅ አገር ያሉ ብዙ ጌቶች እንዳልሰሙ ሆነው ኖሩ።

አባ ገመቺስ በ1931 ዓ.ም. ሰኔ 21 ቀን በነቀምቴ ዐረፉ። ዕድሜያቸው 75 ዓመት ያህል ነበረ።

ባርነትን ፈጽሞ የሚሽር ሕግ በኢትዮጵያ የወጣው ከዚያ 11 ዓመት በኋላ፥ ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ፥ በነሐሴ 1942 ዓ.ም. ነው። በጣርማ በርና በአንኮበር ገደል፥ በበረሃውም ሁሉ፥ ሰውን ነድቶ ወደ ገበያ መውሰድ ከዚያ ወዲያ በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። ያ ሕግ ሲወጣ አስቴር ጋኖ በሕይወት ነበረች። በ1964 ዓ.ም. በነቀምቴ እስክትሞት ድረስም ነጻ ሴት ሆና በአገሯ ኖረች።